ንድፈ ሐሳቡ በስልክ፣ እጁ በወርክሾፕ፦ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቅይጥ ሥልጠና እንዴት ይሰናዳል?

መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች በራቸውን ሲዘጉ፣ አብዛኛው አሰልጣኝ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ሞጁሉን በፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ጣለው። ያ ትምህርት አልነበረም፤ ወረቀት ማከፋፈል ነበር። በሩ ሲከፈትም ብዙው ክፍል እፎይ ብሎ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። አሜሪካ ያሉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ግን፣ ማለትም የእኛን ቴክኒክና ሙያ የሚመስሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች፣ ከወረርሽኙም በኋላ ብዙ ኮርሶችን በኦንላይን ይዘው ቀጥለዋል። ተማሪያቸው እንደኛው ሰልጣኝ ሥራ የያዘ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ከሩቅ የሚመላለስ ነው።

ከሜክሲኮ እስከ ልደታ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ኮሌጆች የሚማር ሰልጣኝ ዛሬ የሚኖረው የግድ መሃል ከተማ አይደለም። መንደሩ በልማት ተነስቶ ወደ ዳር የወጣው ብዙ ነው። ለአንድ ሰዓት ንድፈ ሐሳብ ጠዋትና ማታ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልጣኝ፣ ያን አንድ ሰዓት ቤቱ ሆኖ ሰምቶ ወርክሾፕ ላይ ግን ሙሉ ቀን ቢቆም ይሻለዋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህን በአንድ የትምህርት ክፍል ደረጃ ማሰናዳት ለሚፈልጉ አሰልጣኞችና የክፍል ኃላፊዎች የተጻፈ ነው። ምሳሌያችን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፤ አካሄዱ ግን ለልብስ ስፌትም ለአካውንቲንግም ይሠራል።

መጀመሪያ ሞጁሉን ገነጣጥሉት

አንዱን የብቃት አሃድ (ሰልጣኙ ሊችለው የሚገባውን አንድ የሥራ ክፍል) ውሰዱና በውስጡ ያሉትን ተግባራት በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ወደ ታች ዘርዝሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ «የሚሰማ»፣ «የሚታይ»፣ «የሚነካ»።

የኦም ሕግ፣ የኬብል መጠን አመራረጥ፣ የደህንነት ደንብ የሚሰሙ ናቸው። የሽቦ አላላጥ፣ የሁለት መንገድ ማብሪያ ማጥፊያ አያያዝ የሚታዩ ናቸው፤ ሰልጣኙ በቪዲዮ አይቷቸው ቢመጣ ወርክሾፕ ላይ ማሳያው ያጥራል። የሚነካው ግን አይነካካም፤ እዚያው ወርክሾፕ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፦ ስህተቱ በካሜራ የማይታይ ሥራ ሁሉ በአካል ነው። ለምሳሌ ሶኬት ውስጥ የገባ ሽቦ በፎቶ ሲታይ ልክ ነው፤ ቀለሙም ቦታውም ትክክል ነው። ብሎኑ መጥበቁን የምታውቁት ግን ሽቦውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ስትስቡት ነው። የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ሶኬት ይቀልጣል። ይህን ማንም ከስልክ አይማረውም።

በትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ኮሌጁና ድርጅቶች አብረው በሚሰጡት ሥልጠና፣ የምንናገረው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለው ክፍፍል እዚህ ይጠቅማል። ወደ ስልክ የሚሄደው ከ30ው ውስጥ ነው። ከ70ው ቆርሶ ኦንላይን የሚያደርግ ክፍል ብቃት ምዘና ላይ ሰልጣኞቹን ያስወድቃል።

ሰልጣኙን በወረቀት ጠይቁ

በጎግል ፎርም የኢንተርኔት ችግር አለባችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ «ያልመጣችሁ እጅ አውጡ» እንደማለት ነው። ችግር ያለበት ሰልጣኝ ፎርሙን አይሞላም፤ እናንተም ሁሉም ደህና ነው ብላችሁ ትጀምራላችሁ። በምዝገባ ቀን ግማሽ ገጽ ወረቀት አድሉ። ስልኩ የራሱ ነው ወይስ ከወንድም ከእህት ጋር የሚጋራው? ስንት ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለው? ፓኬጅ የሚገዛው በቀን ነው፣ በሳምንት ወይስ በወር? ማታ በስንት ሰዓት ስልክ መያዝ ይችላል? አራቱ ይበቃሉ።

መልሱ ሲሰበሰብ ከ30 ሰልጣኝ ሦስት አራቱ ስማርት ስልክ እንደሌላቸው ብታገኙ አትደንግጡ፣ ኦንላይኑንም አትሰርዙ። ለእነሱ የኮሌጁን ኮምፒውተር ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ክፍት ማድረግና ፋይሉን እዚያ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ላለ ሰልጣኝ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጥሩ ቦታ ነው።

የዳታ ሒሳብ

የቀጥታ ቪዲዮ ትምህርት ለእኛ ሰልጣኝ የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። የቡድን ቪዲዮ ጥሪ በጥሩ ጥራት ሲሆን በሰዓት ከአንድ ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ መብራት የጠፋበት ወይም ኔትወርክ የተቆራረጠበት ሰው ያመለጠውን መልሶ አያገኘውም። የዙም ነጻ አካውንትም 40 ደቂቃ ላይ ያቋርጣል። ቀጥታ ስብሰባ የሚያስፈልገው ለጥያቄና መልስ ብቻ ነው፤ እሱም በድምፅ ብቻ ይበቃል።

ተቀርጾ የሚላክ ነገር ግን በሒሳብ ይለካል። በሰከንድ 400 ኪሎቢት የተጨመቀ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ 18 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በሳምንት አራት ቪዲዮ 72 ሜጋባይት ነው፤ ሁለት የድምፅ መልእክትና አንድ ፒዲኤፍ ሲጨመርበት 80 ሜጋባይት ገደማ። ለ16 ሳምንት ሥልጠና 1.3 ጊጋባይት አካባቢ ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ በቀጥታ ቪዲዮ ብታስተምሩ ሰልጣኙ ከዚህ በላይ ይከፍላል።

ቀረጻው

ካሜራ አትግዙ። ስልክ፣ ስልኩን ከላይ ወደ ታች የሚይዝ ማቆሚያ፣ እና ባለገመድ ማይክ ይበቃል። ማይክ ከሌለ የስልኩ ኢርፎን ላይ ያለው ማይክ ከስልኩ ራሱ ማይክ ይሻላል፤ ምክንያቱም ወደ አፍ ይቀርባል። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገስም። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ላለ ኮሌጅ ደግሞ ትልቁ ጠላት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» የሚለው የረዳት ድምፅ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ቅረጹ፤ ወይም ከመንገድ ራቅ ያለ፣ መጋረጃ ያለበት ክፍል ፈልጉ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል።

የእጅ ሥራ ስትቀርጹ ካሜራው በእናንተ ትከሻ በኩል፣ ከላይ ወደ ታች ይመልከት። ፊት ለፊት የተቀረጸ እጅ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ሰልጣኙም ሽቦውን ገልብጦ ያስራል። በአንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ። «የሶኬት አገጣጠም» ብላችሁ 25 ደቂቃ ከምትቀርጹ «ሽቦ መላጥ»፣ «መሬት ሽቦን ማሰር»፣ «ፌዝና ኒውትራል» ብላችሁ ከፋፍሏቸው። የተሳሳተውን አንዱን ብቻ ደግማችሁ ትቀርጻላችሁ፣ ሰልጣኙም ያልገባውን ብቻ ደግሞ ያያል።

ለመጭመቅ ሃንድብሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በቂ ነው። የምስሉን ቁመት 480 ፒክስል፣ ድምፁን ሞኖ 48 ኪሎቢት፣ የቪዲዮውን አማካይ መጠን 350 ኪሎቢት አድርጉ። ስላይድ ብቻ የሚታይበት ከሆነ በሰከንድ 15 ፍሬም ይበቃል፤ የእጅ እንቅስቃሴ ካለ ግን 25 አድርጉት፣ አለበለዚያ እጁ ይዘላል። በ480 ጥራት ትንሽ ጽሑፍ አይነበብም፤ በአንድ ስላይድ ከሰባት መስመር አትለፉ።

አንድ ወጥመድ አለ። የድሮ ሞጁሎች ብዙዎቹ ዩኒኮድ (ዛሬ ስልኮችም ኮምፒውተሮችም የሚጋሩት የፊደል አመዘጋገብ) ባልሆኑ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። በኮሌጁ ኮምፒውተር ላይ ልክ የሚታየው ጽሑፍ በሰልጣኙ ስልክ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ዎርዱን በቀጥታ አትላኩ፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ጊዜ ከሌለ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት። በፒዲኤፍ ይነበባል፣ ግን ቃል መፈለግም ሆነ መገልበጥ አይቻልም።

ቴሌግራሙን ለሁለት ክፈሉት

አንድ ግሩፕ ውስጥ ትምህርቱም፣ ጥያቄውም፣ የበዓል መልካም ምኞቱም ሲገባ ሐሙስ የተላከው ቪዲዮ ቅዳሜ አይገኝም። ለትምህርቱ እናንተ ብቻ የምትጽፉበት ቻናል ክፈቱ፤ ለጥያቄ ግሩፕ። በቻናሉ አናት ላይ ማውጫ ፒን አድርጉ፣ በየሳምንቱም አድሱት።

ለእያንዳንዱ ፋይል ቁጥር፣ ርዕስ፣ ርዝመትና መጠን ጻፉ፦ «3.2 የኬብል መጠን፣ 6 ደቂቃ፣ 18 ሜባ»። መጠኑን መጻፍ ለሰልጣኙ ክብር መስጠት ነው፤ ፓኬጁ ሊያልቅ የቀረው ሰው አሁን ላውርድ ወይስ ነገ ብሎ ይወስናል። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ የሚያወርደውን እንዲያጠፉ አድርጉ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን የወሩ ፓኬጅ በቀልድ ቪዲዮ ያልቃል።

ለጥያቄ የሚሆን የተወሰነ ሰዓት ያዙ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት። ከዚያ ውጭ አትመልሱ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የሚመልስ አሰልጣኝ በሁለተኛው ወር ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደርገዋል፤ ያኔ ማንም መልስ አያገኝም።

ሙድል፦ ውጤት የሚያዝበት

ቴሌግራም ማን እንደሠራና ስንት እንዳገኘ አይዝም። ለዚያ ሙድል ያስፈልጋል፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ትምህርትና ፈተና በኦንላይን የሚሰጥበትና ውጤት የሚመዘገብበት ነጻ ሥርዓት ነው። የስልክ አፑ ፈተናውንና ጽሑፉን አውርዶ ያለኔትወርክ ለመሥራት ያስችላል፤ ፈተናው ግን ያለኔትወርክ እንዲሠራ በሴቲንጉ ውስጥ መፈቀድ አለበት።

ለሁለትና ሦስት ክፍል ሰልጣኝ 2 ኮር ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር መነሻ ይሆናል። ለአንድ ጊጋባይት ራም ከ10 እስከ 20 ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ አስቡ፤ ስለዚህ 120 ሰልጣኝ በአንድ ደቂቃ ፈተና እንዲከፍት አታድርጉ። ፈተናውን ለሁለት ቀን ክፍት አድርጉት፣ ሰዓቱን ግን ከተከፈተ በኋላ በ20 ደቂቃ ገድቡ።

ሲተከል ተደጋግመው የሚገጥሙ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛ፣ ፋይል ስትጭኑ «በጣም ትልቅ ነው» ይላል፤ ሙድል የተሠራበት ቋንቋ፣ የፒኤችፒ፣ መነሻ ገደብ 2 ሜጋባይት ስለሆነ ነው፤ የመጫኛውንም (upload_max_filesize) የፖስቱንም (post_max_size) ገደብ አብራችሁ ወደ 64 ሜጋባይት ከፍ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ማሳሰቢያ አይደርስም፣ ጊዜው ያለቀበት ፈተናም ሳይዘጋ ይቆያል፤ ክሮን የሚባለው በየደቂቃው የሚሮጥ ሥራ አልተተከለም ማለት ነው።

ኮሌጁ ውስጥ ኢንተርኔቱ የማይታመን ከሆነ ሙድልቦክስን ሞክሩ። ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ 5 ቮልት 3 አምፒር ቻርጀር፤ በዚህች ከመዳፍ በማትበልጥ ሰሌዳ ላይ ሙሉ ሙድል ከራሱ ዋይፋይ ጋር ይነሳል። ሰልጣኙ ያለዳታ ገብቶ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ስልኩ «ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ራሱን ወደ ሞባይል ዳታ ይመልሳል፤ ስለዚህ ዳታ አጥፉ በሉ። ሌላው ሰዓቱ ነው፤ ራስበሪ ፓይ 4 የሰዓት ባትሪ የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ዛሬ የሚከፈተው ፈተናም «ገና ነው» ይላል። ከሙድልቦክሱ ገጽ ሰዓቱን አስተካክሉ። ካርዱ በድንገተኛ መብራት መጥፋት እንዳይበላሽ ደግሞ በፓወር ባንክ በኩል አስነሱት።

ሰዓትና ፊደል

ከሁሉ በላይ ጭቅጭቅ የሚያመጣው እዚህ ነው። ሙድል የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። «እስከ ጥቅምት 10፣ 11:59» ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ ከቀኑ 11:59 ይረዳዋል፣ ሌላው ከንጋቱ። ሰርቨሩ የሚያሳየው 23:59 ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 5:59 ነው፤ ሌሊቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ በራሱ ሌላ ክርክር ነው። መፍትሔው የማስረከቢያ ሰዓቱን ከሌሊት ማውጣት ነው። 20:00 አድርጉት፣ በመልእክቱም «ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። የሳምንቱን ቀን መጻፍ ግማሹን ስህተት ያስቀራል። የሰርቨሩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ላይ መሆኑንም አረጋግጡ፤ በግሪንዊች ከተተወ ፈተናው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል።

ፊደሉ ደግሞ እንዲህ ነው። አጭር መልስ የሚጻፍበት ጥያቄ ብታወጡና ትክክለኛው መልስ «ኃይል» ቢሆን፣ «ሀይል» እና «ሓይል» ብሎ የጻፈው ዜሮ ያገኛል። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰልጣኙ መልሱን አውቆ ወድቆ ሲመጣ ተቆጥቶ ነው፣ እውነትም አለው። ምርጫና አዛምድ ተጠቀሙ፤ አጭር መልስ ግድ ከሆነ ሁሉንም አጻጻፍ በመልስነት አስገቡ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቁጥር ነው። «2200 ዋት የሆነ የውኃ ማፍያ በ220 ቮልት ስንት አምፒር ይስባል?» መልሱ 10 ነው፣ 0.2 ማቻቻያ ስጡት፤ ከ9.8 እስከ 10.2 ያለው ትክክል ይባላል። ሙድል ውስጥ ባለው የስሌት ጥያቄ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ዋቱን ቀያይሮ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ግሩፕ ውስጥ «3ኛው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ ያጣል፤ የጓደኛው መልስ ለእሱ አይሠራም፤ እንዴት ተሠራ ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ትምህርት ነው።

የኦንላይን ፈተና ከጠቅላላው ውጤት 20 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት አታውቁምና። የቤት ሥራ በፎቶ ስትቀበሉ ሰልጣኙ ስሙንና ቀኑን በእጁ የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ከሥራው ጎን ሆኖ ይነሳ።

ወርክሾፑን ለሁለት

ንድፈ ሐሳቡ ወደ ስልክ ሲሄድ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። 30 ሰልጣኝ በ6 የመለማመጃ ሰሌዳ ላይ ሲቆም ለአንድ ሰሌዳ አምስት ሰው ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ያያሉ። ክፍሉን ለ15 ክፈሉት፤ ግማሹ ሰኞና ማክሰኞ፣ ግማሹ ረቡዕና ሐሙስ። በሰሌዳ ሁለትና ሦስት ሰው ይሆናል። አርብ ለቀሩትና ለደከሙት ማካካሻ ይሁን። ሙድልቦክሱም 15 ስልክ በአንድ ጊዜ ሲገናኘው አይጨነቅም።

ወርክሾፕ ከመግባት በፊት በር ላይ ሦስት ጥያቄ በቃል ጠይቁ፤ የደህንነቱን ቪዲዮ ያላየ አይግባ። ላፕቶፕ ላይ አይቶት ይግባ፣ ስድስት ደቂቃ ነው። ይህ ደንብ ሁለት ሳምንት ሳይላላ ከተያዘ፣ ከዚያ በኋላ ሳያይ የሚመጣ ይቀንሳል። አንድ ቀን ከላላ ግን አለቀ።

የአሰልጣኙ ጊዜ ነገር በግልጽ ይነገር። የመጀመሪያው የ6 ደቂቃ ቪዲዮ ከዝግጅት እስከ መጭመቅ ግማሽ ቀን ይበላል፤ አሥረኛው ሁለት ሰዓት። ይህን እንደ ክፍለ ጊዜ የማይቆጥር ኮሌጅ ከአሰልጣኙ ነጻ ጉልበት እየጠየቀ ነው፣ አሰልጣኙም በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፒዲኤፍ ይመለሳል። ከመጀመራችሁ በፊት ከዲኑ ጋር ተነጋገሩ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ቻናሉ የማን ነው?

የቴሌግራም ቻናል በአሰልጣኙ የግል ቁጥር ከተከፈተ፣ አሰልጣኙ ሲዛወር የሁለት ዓመት ቪዲዮ አብሮት ይሄዳል። የትምህርት ክፍሉ በስሙ ሲም ካርድ ያውጣ፣ ቻናሉም በሱ ይከፈት፣ ሁለት አሰልጣኞች አስተዳዳሪ ይሁኑ። ቀድሞ በግል ቁጥር የተከፈተ ካለ ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግን የሁለት ደረጃ ይለፍ ቃሉ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የበራ መሆን አለበት፤ ስለዚህ በመሸኛው ቀን አታስታውሱት። ይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ክፍል ኃላፊው ዘንድ ይቀመጥ። ሲም ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቁጥሩ እንዳይዘጋ በየወሩ ጥቂት ብር ይሞላበት፣ ይደወልበት። የሙድሉን ኮርስ ደግሞ በየአርቡ ባካፕ አድርጋችሁ በሁለት ፍላሽ ላይ ያዙ፤ አንዱ ኮሌጅ ይደር፣ አንዱ ቤት።